ምድሩ ወይስ ልማዱ

የአንድ ሕዝብ ብልጽግና ከምን ይመጣል ተብለው ቢጠየቁ፥ ብዙ ሰዎች «ከምድሩ ነዋ!» ብለው ቶሎ ይመልሳሉ። ዝናም ያለው ይጠግባል፥ የሌለው ይራባል ማለታቸው ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተም እንዲህ የምታስብ እንደ ሆነ ወደ አዊ ደጋ ተመልከት።

በእንጅባራ አካባቢ ዝናም ሞልቷል። ነገር ግን ይኸው የተትረፈረፈ ዝናም እንደ ካልስየም ያሉትን ማዕድኖች ከአፈሩ እያጠበ ስለሚወስድ መሬቱ ኮምጣጣ ሆነ፤ በፋግታ ለኮማም ገበሬው የሚያፍሰው እህል እያነሰ ሄደ። ምድር በአንድ እጅዋ የሰጠችውን በሌላው ነሣች።

ታዲያ ገበሬው ምን አደረገ? የትውልድ አገሩ አውስትራልያ የሆነውን፥ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩን አጭዶ ለከብቱ ይሰጣል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቈርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ ይሸጣል። ዛፉ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ስለሚያተርፍ ያው መሬት እንደገና ይታረሳል። አምስት ዓመት መታገሥ ግን ከአፈር የሚበቅል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርን ላንሣ። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. በዐድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ የተቋቋመ ሲሆን፥ በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል። ይህን እንደ ከንቱ ድግስ የሚቈጥር አይጠፋም፤ እኔ ግን አልስማማም። ያ ያጌጠ ፈረስ በሌላው ቀን ጭነት ይሸከማል፥ ጋሪ ይስባል፥ በአንዳንዱ ቀበሌም ያርሳል። ፈረሱን የሚያከብር ሕዝብ ፈረሱን ይቀልባል።

ልማድ ግን ሁልጊዜ አይጠቅምም። ጎረቤት ያደረገውን ማድረግ የዲከረንስን ዕውቀት በጥቂት ዘመን ከመንደር መንደር አዳረሰው፤ ሁሉም አንድ ዛፍ ብቻ በመትከሉም፥ በ2012 ዓ.ም. ግድም ዝገት የሚሉት የፈንገስ በሽታ ሲነሣ መንገዱን ተጠርጎ አገኘው። ጓሮውን ለድንች፥ ከማሳውም ጥቂቱን ለገብስ ያስቀረ ሰው የሚበላው አልታጣበትም። ሁሉን ለከሰል የሰጠው ግን የሚሸጠውም የሚበላውም ባንድ ጊዜ ጐደለበት።