ተሳላሚና ተመልካች

ሰው ወደ ሌላው ሰው ቅዱስ ቦታ ለማየት ብቻ ብሎ ሲሄድ መብቱ ነው ወይስ ድፍረት? ጥያቄው አያቶቻችንን እምብዛም ያስጨነቃቸው አይመስለኝም። በእነሱ ዘመን ወደ ኢየሩሳሌምም ሆነ ወደ መካ የሚጓዝ ሰው ስእለት ወይም የሃይማኖት ግዴታ ነበረበት፤ ስንቁን ቋጥሮ፣ ቤተሰቡን ተሰናብቶ፣ ምናልባትም ላይመለስ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን ገንዘቡና ጊዜው ያለው ሰው ጥምቀትን ጎንደር፣ ሆሊን ሕንድ አገር አይቶ፣ በመካከሉም አንድ ተራራ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ደግ ነው ወይስ ክፉ? እስቲ ረጋ ብለን እናስበው።

ቀላሉ መልስ «ተሳላሚው ንጹሕ ነው፣ ቱሪስቱ ግን ርኩስ ነው» የሚለው ነው። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አይቆረጥም። ለንግሥ የሚሄደው ሰው ገበያውንም ያያል፣ ዘመዱንም ይጠይቃል። በጥምቀት ለኮረዳ ሎሚ የወረወረው ጎረምሳ ልቡ ታቦቱ ላይ ብቻ ነበር ብሎ የሚምልለት ማነው? እንግዲያው የልብ ንጽሕና መለያ ሊሆነን አይችልም። ድካምም አይሆንም፤ ተራራ ወጪው ከብዙ ተሳላሚዎች ይልቅ ይለፋልና። ደብረ ዳሞ ላይ መነኩሴውም ጎብኚውም በዚያው ገመድ ነው የሚሳቡት። ለአንዱ ጀብዱ የሆነው ለሌላው የቤቱ ደጃፍ ነው፤ ገመዱ ግን ያው ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ላሊበላን እንውሰድ። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በገና ማለዳ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ፣ ከታች ቀናት በእግራቸው ተጉዘው የደረሱ ገበሬዎች ነጭ ለብሰው ቆመዋል። በመካከላቸው ካሜራው አለ። ያቺ እግሯ የቆሰለ አሮጊት ለጸሎት ዓይኗን ስትጨፍን ፎቶዋ ይነሣል፤ ባሕር ተሻግሮ በማታውቀው ሰው ሳሎን ይሰቀላል። እሷ የመጣችው ፈጣሪዋ እንዲያያት ነበር። ለእንግዳው ግን ከዐለቱና ከዛፉ ጋር አንድ ላይ መልክዓ ምድር ሆነችለት። ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው።

«ኧረ ተው! ሕዝቡ ከምን ይብላ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ ከዚያም ጦርነቱ እንግዳውን ባስቀሩበት ጊዜ የከተማው አስጎብኚና በቅሎ አከራይ፣ ባለ ሆቴሉና አስተናጋጁ ምን ላይ እንደወደቁ የሚታወቅ ነው። በባዶ ሆድ ላይ ቆሞ «አትምጡብን» ማለት የጠገበ ሰው ፍልስፍና ነው። ግን እንጀራ መስጠት ሁሉን ለመግዛት ፈቃድ ይሆናል እንዴ? አበው «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይላሉ። እንግዳ ለባለአገሩ ሕግ ይገዛ ነበር ማለት ነው። አሁን ግን ጫኙ እንግዳው፣ ተጫኙ ባለአገሩ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው።

ለእኔ መለያው አንድ ነው፦ «እዚህ ላይ ቁም» ሲባል መቆም መቻል።

በ1955 እ.ኤ.አ. በቻርለስ ኢቫንስ የሚመራ የእንግሊዝ ቡድን 8,586 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ካንቼንጁንጋ ወጣ። ተራራው ለሲኪም ሕዝብ ቅዱስ ነው፤ ስለዚህ ጫፉን ላይረግጡ ቃል ገብተው ነበር። ጆ ብራውንና ጆርጅ ባንድ ግንቦት 25 ቀን ከጫፉ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ፤ በማግሥቱ የደረሱት ሁለቱ ጓደኞቻቸውም እንዲሁ አደረጉ። በዚያ በረዶ ላይ ማን ያያቸው ነበር? ማንም። ያም ሆኖ ቃላቸውን ጠበቁ። «ያን ሁሉ ረግጠው አንዷን እርምጃ ቢተዉ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ይጠቅማል! ሌላው ሁሉ እርምጃ የራሳቸውን ጉልበት ይናገራል፤ የቀረችው ብቻ ስለ ባለቤቶቹ ትናገራለች።

ተቃራኒውን በአውስትራሊያ አየን። የኡሉሩ ዐለት ባለቤቶች የሆኑት አናንጉዎች ለብዙ ዓመታት «እባካችሁ አትውጡበት» እያሉ በግርጌው ጽፈው ለመኑ። ከጥቅምት 26 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መውጣት እንደሚከለከል ሲታወጅ ደግሞ ሰዉ «ሳያመልጠን» ብሎ ተሰልፎ ወጣ። ልመናን የናቀ ሰው ሕግ ብቻ አስቆመው። እነዚያ ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም፤ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ተራ ሰዎች ነበሩ። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ነገሩ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ከከተማ ተነሥተን፣ ገንዘብ አዋጥተን፣ ላሊበላ ወይም ድሬ ሼክ ሁሴን ወይም ኢሬቻ የምንሄድ ተማሪዎች፣ እምነቱ የእኛ ካልሆነ እኛም እንግዶች ነን፤ የእኛ ቢሆንም እንኳ ካሜራ ስናነሣ ተመልካቾች እንሆናለን። አንሂድ አልልም፤ የማያይ ወጣት የጎረቤቱን እምነት በወሬ ብቻ ያውቃል፣ ወሬ ደግሞ ጥላቻን ሲወልድ አይተናል። እንሂድ፤ ግን ከመግባታችን በፊት እስከ የት እንደሚፈቀድ ባለቤቱን እንጠይቅ፤ የምንጠይቀውም «አይሆንም» ቢለን ለመመለስ ቆርጠን ይሁን።