ያልሰጡትን መጠየቅ ፍትሕ ነውን?



በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ተሰጠ። ከ896,520 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በተፈጥሮ ሳይንስ 6.8፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ 1.3 ከመቶ አለፉ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም።

ሐቀኛ ሚዛን መልካም ነው። ነገር ግን ሚዛን ክብደትን እንጂ ምክንያትን አይናገርም። ታዲያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ መቅረቡ ብቻውን ፍትሕ ይባላልን?

በመክሊቱ ምሳሌ ጌታው ሒሳብ የጠየቀው አስቀድሞ ከሰጠ በኋላ ነው። እኛ ግን ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቀውን የገጠር ልጅ ስለ ኬሚስትሪ እንጠይቀዋለን። ተማሪው አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ከሁለቱ መስኮች አንዱን ይመርጣል ይባላል። ምርጫ ግን ሁለቱም በሮች ክፍት ሲሆኑ ነው። ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የሒሳብ መሠረት ያላገኘ ልጅ የቀረለትን ወሰደ እንጂ አልመረጠም።

ይህ ከእኛም ሩቅ አይደለም። እዚሁ ሀና ማርያም አንዱ ቤተሰብ ለልጁ አስጠኚ ይቀጥራል፤ ሌላው ለደብተር መግዣ ይቸገራል። በአንድ ጣሪያ ሥር እንኳ እኅት ውሃ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ታናናሾቿን ስትጠብቅ ይመሻል፤ ወንድሟ ያጠናል።

«ለሴቶች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ሲደረግላቸው ኖሮ የለምን?» የሚል ይኖራል። ይህ ርዳታ ተገቢ ቢሆንም የሚደርሰው በመጨረሻው ደጃፍ ላይ ነው፤ ጉድለቱ የተፈጠረው ግን ከዓመታት በፊት ነው። እርግጥ ያልተጋ ተማሪ የራሱ ተጠያቂነት አለበት። ሆኖም ትጋትም ጊዜና ብርሃን ይሻል፤ እነዚህን የነፈገ ሰው ስለ ስንፍና ለመውቀስ አይችልም።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ ባወጣው ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት በሚናገር መግለጫ፣ መማር ከሰው ክብር የሚመነጭ የሁሉም መብት መሆኑን አስተምሯል። መብት ከሆነ ደግሞ ባለዕዳ አለው፤ ባለዕዳው መንግሥት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወላጆች፣ የቤቱን ሥራ ለወንዱም ለሴቷም እኩል አካፍሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ከትምህርት የቀረውን ልጅ ምክንያት ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። የተማራችሁ ወጣቶች፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለታናናሾቻችሁ ሒሳብ አስጠኑ። ፈተናው አይቅለል፤ ነገር ግን ልጆቹን ሒሳብ ከመጠየቃችን በፊት ምን እንደሰጠናቸው ራሳችንን እንጠይቅ።