ጎደሬው እስኪበስል ድረስ
(ዮሐ. 21፥1-14)



ጌታችን ከሙታን ከተነሣ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ ምን አዘጋጅቶ እንደ ጠበቃቸው ታስታውሳላችሁ። የከሰል እሳት፣ በላዩም ዓሣ፣ እንጀራም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ለነበሩት ሰዎች በመጀመሪያ ምግብ አቀረበላቸው፤ ጴጥሮስን ስለ ፍቅሩ የጠየቀውና መንጋውን በዐደራ የሰጠው ከበሉ በኋላ ነው። ሞትን ድል የነሣው ጌታ ይህን ሥራ ካልናቀ፣ እኛም በየቤታችን የሚነደውን እሳት እንደ ተራ ነገር ልናየው አይገባንም።

እኔ ይህን በሚገባ የተረዳሁት በአንዲት እናት ማድቤት ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት ወራት፣ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ በሸኮ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ ልጎበኝ ሄድሁ። ዝናብ መትቶኝ፣ ርቦኝም ደረስሁ። በጉልቻው ላይ የጎደሬ ድስት ተጥዷል። እንጨቱ እርጥብ ስለ ነበረ ይጨሳል እንጂ አይነድም። የቤቱ እናት ጎንበስ ብለው እፍ ይላሉ፣ ፍልጡን ያገላብጣሉ፣ እንደ ገናም እፍ ይላሉ።

ጥቂት እንደ ቆየሁ፣ «እናቴ፣ በስሎ ይሆናል፤ ቢያወጡልንስ?» አልኋቸው።

«አባ፣ ጎደሬ እንግዳ አያውቅም፤ ጥቂት ይታገሡ» አሉኝ።

ደግሜ ብጠይቃቸው አፍረው ከላይ አንዱን አወጡልኝ። በልቼ ሳልጨርስ ጕሮሮዬን ያሳክከኝ ጀመር። አገሩን የምታውቁ ምክንያቱን ታውቃላችሁ፤ በጎደሬ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ መርፌ የሾሉ ረቂቅ ነገሮች ስላሉ፣ በሚገባ ካልበሰለ አፍንና ጕሮሮን ይወጋል። እኒያ እናት አንዳች ሳይናገሩ ውኃ ሰጡኝና ወደ እሳታቸው ተመለሱ።

በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ከሳምንት በፊት አንድ ወጣት ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውጭ የመሠረተውን ትዳር በምሥጢረ ተክሊል ለማጽናት ፈልጎ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ታሪኩን ሳልሰማ፣ ሳልጸልይም፣ ሕጉን ጠቅሼ ገሠጽሁት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ሳይበስል የቀረበ ቃል ነበርና ወጋው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ቃል የሚበስለው በምን ላይ ነው? ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ምጽዋት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም አስተምሮናል (ማቴ. 6)። እነዚህ እንደ ሦስቱ ጉልቻዎች ናቸው፤ አንዱ ቢጎድል ድስቱ ይዘነበላል። ያለ ጸሎት የሚጾም ሰው ቍጡ ይሆናል፤ ጸልዮ ለጎረቤቱ የማያካፍል ልቡ ይደነድናል፤ ሳይጾም የሚመጸውትም ከትርፉ ብቻ ይሰጣል። አባቶቻችን ግን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ጉልቻው ቢስተካከልም ከበታቹ እሳት፣ ይኸውም የመንፈስ ቅዱስ ፍቅር፣ ያስፈልጋል። ጸሎታችን እንደ ክረምት እንጨት ጢስ ብቻ በሚሆንብን ቀን እኒያን እናት እናስብ፤ እፍ ማለትን አልተዉም።

በ17ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ የቀርሜሎሳውያን ገዳም የነበረው ወንድም ሎራንስ ዘትንሣኤ፣ ቀድሞ ወታደር የነበረ ሰው፣ ለብዙ ዓመታት የገዳሙ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሥራውን በተፈጥሮው አይወደውም ነበር። ሆኖም ስለ እግዚአብሔር ፍቅር እየሠራው፣ በድስቶች መካከል ሆኖ ከፈጣሪው ጋር መነጋገርን ተማረ። እርሱ በ1691 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዐረፈ፤ ምክሩ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ይህን ስል ጢሱ ለእናቶች ብቻ የተመደበ ነው ማለቴ አይደለም። ጌታ ራሱ እሳት አንድዶ ከጠበቀ፣ እንጨት መፍለጥና ውኃ መቅዳት፣ ድስት መጣድም ለአባወራው ክብሩ እንጂ ውርደቱ አይደለም። ሚስቱን በጢስ ውስጥ ትቶ መቍጠሪያ የሚደግም ባል ጸሎቱን ከምድጃው ዳር ቢጀምረው ይሻለዋል።

ስለዚህ በዚህ ወቅት ሦስት ነገር እንለማመድ። እሳት ስናነድድ ስለሚበሉት ሰዎች ሁሉ በስም እንጸልይ። ከድስቱ ለታመመ ወይም ለብቸኛ ጎረቤት ድርሻ እናስቀር። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም የእሑዱን ንባብ ከሰኞ ጀምራችሁ በልባችሁ ጣዱት፤ ተግሣጽ መስጠት ሲያስፈልጋችሁ ደግሞ አንድ ሌሊት አሳድሩት።

ያንን ወጣት ከጕብኝቱ እንደ ተመለስሁ በቤቱ ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። ባለቤቱ ቡና ቆልታ አፈላችልን፤ እስከ በረካው ድረስ ተቀምጬ ሰማሁት። ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ግን ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ የእኔ የችኮላ ዋጋ መሆኑን አውቃለሁ።

በባሕር ዳር እሳት አንድዶ የጠበቀን ጌታ እኛንም በትዕግሥቱ ያብስለን፤ ለወንድሞቻችንም የማይወጋ ምግብ ያድርገን። አሜን።