ጓሮ የሚመዘነው በሚያዝያ ነው

ልጄ፣

የጥምቀት ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በአባትህ ግቢ በኩል አለፍኩ። ቤትህ እያማረ ነው፤ እግዚአብሔር በሰላም የምትኖርበት ያድርገው። ደጁ ላይ ግን የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሮ፣ ከቤቱ ጀርባም ሦስት ረድፍ እንሰት ተቆርጦ አየሁ። አናጺውን ብጠይቀው፣ የደጁን ሜዳ ሲሚንቶ ልታለብስና በእንሰቱ ቦታ ባሕር ዛፍ ልትተክል እንዳሰብክ ነገረኝ። ቤት የሠራ ሰው ግቢው እንዲያምርለት መመኘቱ ደግ ነው። ሲሚንቶው ከመቦካቱ በፊት ግን የአጎትህን ቃል ስማ። በመስከረም የማያምር ጓሮ የለም፤ ክረምቱን ሙሉ ጠጥቶ የማይለመልም ምን ምድር አለ? ጓሮ የሚመዘነው በሚያዝያ ነው፤ የአምናው እህል አልቆ አዲሱ በቆሎ ሳይደርስ።

እኔ ይህን የተማርኩት በ1976 ዓ.ም ነው። ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ ስኳር ድንች ግን በጥቂት ወራት ይደርሳል ብዬ የእናቴን እንሰት ግማሹን ነቀልኩት። የበልጉ ዝናብ ቀረ። የስኳር ድንቹ ሐረግ ማሳው ላይ ከሰለ፤ ለቀጣዩ ተከላ የሚሆን ቁራጭ እንኳ ጠፋ። እኛን ለነገ ያደረሰን ሳልነቅለው የቀረው ግማሽ እንሰት ነው። እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። የእንሰቱን ሥር፣ አሚቾውን፣ ቀቅላ ስታቀርብልኝ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። አንተ ያን ዓይነት ማዕድ እንዳትቀመጥበት እፈልጋለሁ።

ዳርኳ የምንለውን የቤት ጀርባ መሬት በእጅህ ዝገንና እየው። ጥቁር ነው፤ ይላላል፤ ይሸታል። ሃያ ሠላሳ እርምጃ ወጣ ብለህ ብትቆፍር ቀዩን አፈር ታገኛለህ። ልዩነቱን ያመጡት ሴቶቻችን ናቸው፤ በየማለዳው ከበረት ፍግ እየዛቁ፣ አመዱንና ጥራጊውን እየጨመሩ በብዙ ዓመት ያጠቆሩት አፈር ነው። በባሕር ዛፍ አታስመጥጠው። ባሕር ዛፍ ካስፈለገህ ከቤትም ከምንጭም ርቆ፣ ለሌላ የማይሆን ጭንጫ መሬት ፈልግለት።

ከዚያ ጓሮህን በወር በወሩ አስበው። ጥር የእንሰት ወር ነው። የሁለትና የሦስት ዓመቱን እንሰት ከአሚቾው ትንሽ ከፍ አድርገህ ትቆርጣለህ፤ መሐሉን ፈልፍለህ ቡቃያውን ታወጣና ፍግና አፈር ሞልተህ ትሸፍነዋለህ። ጥቂት ወራት ስትታገሥ ከአንዱ አሚቾ ዙሪያውን ብዙ ቡቃያ ይፈላል። ቢላህን ግን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታሻግር በእሳት አስነካው። አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ መድኃኒት የለውም፤ ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋናው ደግሞ ያልተቃጠለ ቢላ ነው። መሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የዛለ፣ ሲቆረጥም ቢጫ ፈሳሽ የሚያወጣ እንሰት ካየህ ነቅለህ ቅበረው። ከዘሮቻችን ማዚያ ይህን በሽታ ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል፤ እሱን አብዛ።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ቦይናውን፣ ጎደሬውን ማለት ነው፣ በእንሰቱና በቡናው መሐል ትከል። ከእኛው አረካ የምርምር ማዕከል የወጣው ቦሎሶ 1 የሚባለው ዘር የአገራችንን ስም ይዞ የሄደ ነው። በሰኔና በሐምሌ አቮካዶውንና ዋንዛውን አኑር፤ የዋንዛ ቅጠል ወድቆ መሬቱን መልሶ ያበላዋል። በክረምቱ መውጫ ስኳር ድንች ትከል፤ በበጋው ይደርስልሃል። ግን ብቻውን አትመነው። ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ዝንጅብሉ፣ ሚጥሚጣው፣ ጤና አዳሙና ጎመኑ ይሁኑ፤ የዕቃ እጣቢው በበጋ ያጠጣቸዋል። የሃይታ ቱኬው፣ የቡና ቅጠሉ መጠጥ፣ ቅመም ውጭ ጀበና ተጥዶ ሳለ እጅ ተዘርግቶ የሚቀጠፍ መሆን አለበት። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ይባላል።

ደጁን በተመለከተ፣ ሲሚንቶ ከማልበስ ሰርዶህን ጠብቅ። የእኛ አገር ደጅ ልጅ የሚቦርቅበት፣ ጥጃ የሚታሰርበት፣ ለቅሶም ሠርግም የሚቀመጥበት ነው። ሳሩ የክረምቱን ውኃ ይውጠዋል። ሲሚንቶ ላይ የወረደ ዝናብ ግን ከቆርቆሮህ ከሚወርደው ጋር ገጥሞ ወደ ጎረቤትህ ማሳ ይሮጣል፤ ቦይ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከጣሪያህ የሚወርደውን በበርሜል ያዝ፤ የተረፈውን ወደ ቡናው ምራው። ተዳፋቱ ላይ ዴሾ ሳር በአግድም ትከል፤ አፈሩን ይይዛል፣ ላምህም ትበላዋለች። ለአጥር ሰንሰል ይበቃሃል።

ዘገየሁ ብለህ እንዳትሰጋ አንድ ነገር ልንገርህ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርድ የሁምቦን ተራራ ታየዋለህ። ተራቁቶ ሰው ተስፋ የቆረጠበት ተራራ ነበር። ሕዝቡ በማኅበር ተደራጅቶ፣ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር ከለለ። የተተከለ ችግኝ ቢኖርም አብዛኛው ደን የበቀለው ከመሬት ሥር በሕይወት ከነበረው ጉቶ ነው፤ ከሚያቆጠቁጠው ጥሩውን መርጠው፣ ሌላውን ገርዘው፣ ከብት ከለከሉ። በ2002 ዓ.ም ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ ዓለም የሁምቦን ጉቶ ቆጠረው።

አንተም የቆረጥካቸውን እንሰቶች ቀርቤ አይቻቸዋለሁ። ገና ለጋ ናቸው፤ አሚቾአቸውም መሬት ውስጥ እንዳለ ነው። ከሰነበቱ ይበሰብሳሉ፤ በዚህ ሳምንት ከተፈለፈሉ ግን ሦስቱ ረድፍ ብዙ ረድፍ ይሆናል። ሲሚንቶውን አቆየውና ጥራኝ። ቢላዬን እሳት አስነክቼ እመጣለሁ፤ ፍጉን አንተ አዘጋጅ።

አጎትህ