ዕረፍትና ሽሽት

ሰው ሥራን መውደድ ይገባዋል ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ማረፍም ይገባዋል ሲባል የሰማነው ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ዕረፍትን ከስንፍና ለይተን አናየውም። ሰውን የማስተዳደር ኃላፊነት የተጣለበት ሰው ሥራውን ለወራት ትቶ ቢያርፍ፥ አደራውን ጣለ እንበል ወይስ ለአደራው የሚሆን ጉልበት ሊያጠራቅም ሄደ እንበል? ልንመረምረው ያሰብነው ይህን ነው።

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻንም። የምንኖርባት ጎንደር ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቈረቈሯት በኋላ፥ በጋውን በዘመቻ የሚያሳልፉ ነገሥታት ክረምት ሲገባ እየተመለሱ የሚከርሙባት ከተማ ነበረች። ወንዙ ሲሞላና መንገዱ ሲዘጋ ጦሩ ያርፋል፤ ንጉሡም ከመኳንንቱና ከሊቃውንቱ ጋር ለመምከር ጊዜ ያገኛል። ከከተማዋ ወጥተን ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ብንዘልቅ ደግሞ የደጋው ገበሬ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ገበሬው መሬቱ መድከሙን ሲያይ ሳያርስ ያሳርፈዋል። ያረፈው መሬት ግን የተጣለ መሬት አይደለም፤ ድንበሩ ይጠበቃል፥ ከብት ይግጥበታል፥ የሚታረስበትም ጊዜ በባለቤቱ ልብ የታወቀ ነው። ዛሬ መሬት እየጠበበ ስለ ሄደ ማሳረፍ የሚችለው ገበሬ አነሰ፤ ያለ ዕረፍት የሚታረሰው መሬት እንደሚደክም ግን ገበሬው ከማንም ይልቅ ያውቃል። በኦሪት ሕግም ሰባተኛው ዓመት ለምድር የዕረፍት ዓመት እንዲሆን ታዝዟል።

እንግዲህ ዕረፍት ይህን ያህል መልካም ከሆነ፥ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ፍጻሜ ስለ ምን ከፋ? እኒህ ንጉሥ ከ1674 ዓ.ም. ጀምረው ከሃያ ዓመት በላይ የገዙ፥ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ብርቱ ሰው ነበሩ። የሚወዷት ቅድስተ ክርስቶስ በሞተች ጊዜ ግን ኀዘኑ ጸናባቸውና ቤተ መንግሥቱን ትተው በጣና ሐይቅ ወዳለ ደሴት ገቡ። በጎንደር የቀሩት ሹማምንት፥ እቴጌ መለኮታዊት እየደገፏቸው፥ የአክሱሙን ንጉሥ የዐፄ ካሌብን ታሪክ አነሡ፤ ካሌብ ዘውዱን ትቶ መንኖ ነበርና ኢያሱም እንዲሁ መንግሥቱን ትቷል ብለው ልጁን ተክለ ሃይማኖትን በ1698 ዓ.ም. አነገሡት። ኢያሱ ይህን አልቀበልም ብለው ወደ ጎንደር ጕዞ ጀመሩ፤ ነገር ግን ሕመም ይዟቸው ወደ ደሴቲቱ ተመለሱ። በ1699 ዓ.ም. መጀመሪያም በዚያው ተገደሉ። ልጁም ሁለት ዓመት ሳይሞላው እርሱ ራሱ በሰው እጅ ሞተ።

በደሉ የገዳዮቹ ነው፤ ያዘነን ሰው ስለ ኀዘኑ መውቀስም አይገባም። ሆኖም ሹማምንቱ ያን ክርክር ለማንሣት የቻሉት በንጉሡ አካሄድ ውስጥ ለሁለት ትርጓሜ የሚሆን ቦታ ስላገኙ ይመስለናል። ምነና ለሁልጊዜ መተው ነው፤ ዕረፍት ለመመለስ መሄድ ነው፤ ሽሽት ግን ከሁለቱ አንዱንም ሳይቈርጡ መራቅ ነው። የሄደው ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ራሱ ካልተናገረ፥ የቀሩት እንደ ፈቃዳቸው ይናገሩለታል።

ታዲያ ከዚህ የተነሣ «ወንበሬን ፈጽሞ አልለቅም» የሚል ሰው ትክክል ነውን? አንድ ጊዜ በነበርንበት መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት የዓመት ፈቃድ ያልወሰደ አለቃ ነበር። እኛም «ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው» እያልን እናመሰግነው ነበር፤ ፈቃዳችንንም አለመውሰድ ከእርሱ ተማርን። እርሱ ታሞ በተኛ ጊዜ ማኅተሙ በመሳቢያ ውስጥ እንደ ተቈለፈ ቀረ፤ ለመፈረም ሥልጣን የተሰጠው ሰው አልነበረም። አንዲት አሮጊት እናት ከደጋው በእግራቸው ወርደው ለአንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን «ልጄ፥ ከእናንተ መካከል ሰው የለምን?» ብለው ጠየቁን፤ እኛም የምንመልሰው አጣን። ያን ዕለት፥ ፈጽሞ የማያርፈውና ሳይናገር የሚጠፋው ሰው በአንድ ነገር እንደሚመሳሰሉ አስተዋልን፤ ሁለቱም ወንበሩን ለሌላ ሰው ማደራ አላስረከቡም።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅም ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛው ዐርፎ በታደሰ ጉልበት ወደ ሥራው እንዲመለስ መሆኑን ይገልጽ ነበር። እንግዲህ ፈቃድ አለመውሰድ የሚያስመካ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ጉልበት ብቻ አይደለም የሚታደሰው። ሰው በወንበሩ ላይ ሳለ ደጅ የሚጠናው፥ ብድግ ብሎ የሚነሣለት ብዙ ነው፤ ክብሩ የእርሱ ይሁን የወንበሩ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። ከወንበሩ ርቆ በሰነበተ ጊዜ የእርሱ የሆነውንና ያልሆነውን ያያል። ይህን ያየ አለቃ ሲመለስ ለባለ ጉዳይ የሚሰጠው መልስ የለዘበ ይሆናል። ወደ ገዳም ሄዶ ሱባኤ የሚይዝ ሰው ዓላማውም ራሱን ማየት ነው፤ እርሱ ግን ቀኑን ቈጥሮ ይገባል፥ ቀኑንም ቈጥሮ ይወጣል።

አንባቢ ሆይ፥ አለቃም ብትሆን ጸሐፊ፥ መምህርም ብትሆን፥ ማረፍህን አትፍራ። ስትሄድ ግን መሄድህንና መመለሻህን በግልጽ ተናገር፤ ቍልፉን በምስክር ፊት አስረክብ፤ የተረከበህም ሰው በተራው እንዲያርፍ ፍቀድለት። እንዲህ ከሆነ እነዚያ እናት ዳግመኛ ከደጋው ሲወርዱ፥ አንተ ባትኖርም ሰው ያገኛሉ።