«ሶሪ» ስንል ምን አልን?

ባለፈው ክረምት አንድ የኅብረታችን ወጣት ለሥራ የሚያስፈልገውን የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። እሺ አልኩት፤ ረሳሁት። የምዝገባው ቀን አለፈበት። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ አገኘሁትና «ሶሪ ወንድሜ» አልኩት። «ምንም አይደል፣ መምህር» ብሎ ሄደ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

ይህቺ ቃል ኦጎልቾ ገበያ ውስጥ ሳይቀር ትሰማለች። ገፍቶ ያለፈም፣ ቃሉን ያጠፈም በእርሷ ይገላገላል። ምንጯ ግን ቀላል አይደለም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ነበረች፤ «ሳር» ማለትም ሕመም፣ ቁስል ከሚለው ቃል የወጣች። ያኔ «ውስጤ ታሟል» እንደ ማለት ነበር። (ብዙዎች ኀዘን ከሚለው «ሶሮው» የመጣች ይመስላቸዋል፤ ሁለቱ በድምፅ ተቀራረቡ እንጂ ምንጫቸው ለየቅል ነው።) ሌላው የእንግሊዝኛ ቃል «አፖሎጂ» ደግሞ ከግሪኩ «አፖሎጊያ» የመጣ ነው። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም በሕዝቡ ፊት ራሱን የተከላከለበት ንግግር በሐዋርያት ሥራ 22 የተጠራው በዚሁ ቃል ነው።

አንዱ ስለ ራሴ ሕመም፣ ሌላው ስለ ራሴ መከላከያ ይናገራል። የእኛው ቃል ግን ፊቱን ወደ ተበዳዩ ያዞራል። «ይቅር» ከ«ቀረ» የወጣ ነው፤ «ይቅር በለኝ» ስል ጉዳዩን የመተው ሥልጣን በአንተ እጅ ነው ማለቴ ነው። በኦሮምኛም «ዺፈማ» ከ«ዺሱ»፣ መተው ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ ነው። የማቴዎስ ወንጌል ግሪክኛም እንዲሁ ነው፤ በምዕራፍ 4 ደቀ መዛሙርቱ መረባቸውን መተዋቸውን የሚናገረውና በምዕራፍ 6 ጌታ ጸሎት ሲያስተምር ለበደል ይቅርታ የዋለው ግስ አንድ ነው፤ «አፊኤሚ»። መረቡ ለእነዚያ ሰዎች እንጀራቸው ነበር። መተው ዋጋ ያስከፍላል፤ ከፋዩም ተበዳዩ ነው።

ታዲያ «ሶሪ» ማለት ኃጢአት ነው? አይደለም፤ እግር ለረገጠ ሰው ትበቃለች። የሚያሳስበኝ መልስ የማትጠብቅ መሆኗ ነው። «ይቅር በለኝ» ያለ ሰው እምቢ ሊባል ይችላል፤ ቆሞ መስማት አለበት። ዘኬዎስ (ሉቃስ 19) አዝኛለሁ ማለቱ አልተጻፈም፤ የተጻፈው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለቱ ነው። እኔ ለዚያ ወጣት ያለፈውን ቀን ልመልስለት አልችልም። ደብዳቤውን ግን ለሌላ ጊዜ እንዲሆነው መጻፍ እችል ነበር፤ እስካሁን አልጻፍኩም። ይህ መጽሔት እጁ ሳይገባ ደብዳቤውን ይዤ ቤቱ ልሄድ አስቤአለሁ። ዳግመኛ «ምንም አይደል» ካለኝም፣ ምን እንደ ቀረበት እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ።