ገበናና ስፌት

ሸሚዝ ለብሶ የሚያድር ሁሉ ሸሚዙን ገልብጦ አያየውም። እስቲ አንድ ቀን ከኮሌታው ሥር ያለውን ክፍል ገልበጥ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ከትከሻ እስከ ትከሻ ጀርባን የሚሻገር፣ ስፋቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ ድርብ ጨርቅ ታገኛላችሁ። ሸሚዙ በሙሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው፤ ክንድ ሲዘረጋ የሚወጠረው፣ ሸክም ሲያርፍ የሚፈተገው እሱ ነው። ጥሩ ልብስ ሰፊ የሠራው ከሆነ ከውጭም ከውስጥም የተቆረጠ ጠርዝ፣ የተንጠለጠለ ክር አይታይበትም። ጨርቅ ከተቆረጠ ጠርዝ መኖሩ ግን አይቀርም። ታዲያ የት ገባ?

ይህን ጥያቄ ይዤ የሄድኩት ዱከም ውስጥ በረንዳ ላይ ማሽን ዘርግተው ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ የሚጓዝ ሰው ዱከምን የሚያውቃት በጥሬ ሥጋዋ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎቿ። የበረንዳ ልብስ ሰፊዎቿን የሚያነሳ የለም። እኔ እናቴ ትታልኝ ያለፈች አንድ ሲንጀር ማሽን ነበረችኝ፤ አቧራ ከምትጠጣ ብዬ ስፌት ለመማር ተነሳሁ። ሱሪ ማሳጠሩን፣ ዚፕ መቀየሩን ቶሎ ለመድኩት። ያስቸገረኝ ይህ የትከሻ ድርብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁራጮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የላይ፣ አንዱ የውስጥ። መጀመሪያ የጀርባው ጨርቅ በሁለቱ መካከል ገብቶ ሦስቱ አንድ ላይ ይሰፋሉ። ሁለቱ ቁራጮች ወደ ላይ ሲገለበጡ የጀርባው ጠርዝ በመካከላቸው ተውጦ ይቀራል። ቀጥሎ የሸሚዙ ሁለት የፊት ክፍሎች ከላይኛው ቁራጭ ጋር ትከሻው ላይ ይያያዛሉ። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። የውስጠኛው ቁራጭ ግን የትከሻውን ስፌት በየት በኩል አድርጎ ይሸፍነው? ዘዴው ይህ ነው፦ ሸሚዙ በሙሉ፣ ጀርባውም ፊቱም፣ እንደ እንጀራ ተጠቅልሎ መሐል ላይ ይቀመጣል። የውስጠኛው ቁራጭ ጥቅሉን ዞሮ ይመጣና ከትከሻው ጠርዝ ጋር ይገጥማል፤ በቀድሞው ስፌት ላይ ድጋሚ ይሰፋል። በዚያች ሰዓት ሸሚዝ የሚባል ነገር የለም፤ ከረጢት የዋጠው ጥቅልል ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ በአንገቱ ክፍተት በኩል ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ሸሚዙ ተገልብጦ ሲወጣ ጠርዙ ሁሉ በድርቡ ውስጥ ገብቷል። መርፌው ጥቅሉን ከወጋው ግን አይወጣም፤ ፈትቶ እንደገና መጀመር ነው።

ሦስት ጊዜ ፈታሁ። በአራተኛው ተሳካልኝ፤ በካውያ ተኩሼ ኩራት እየተሰማኝ አቀረብኩ። አዛውንቱ ውበቱን አላዩም። በሁለት አውራ ጣታቸው ትከሻውን ይዘው ወጠር አደረጉት። ክሩ አልተበጠሰም፤ ጨርቁ ግን ከስፌቱ ሾልኮ ወጣ።

«ለጠርዙ ስንት ተውሽለት?» አሉኝ።

ጨርቁን ስቆርጥ ተሳስቼ ነበር። ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር መተው ሲገባኝ ከዚያ እኩሌታውም አልቀረልኝም። አውቄዋለሁ፤ ስለማይታይ ግን ዝም ብዬ ሰፋሁት።

«ጠርዝ የሚሸፈነው እንዳይተረተርና የለባሹን ገላ እንዳይፈትግ ነው» አሉ። «አንቺ የሸፈንሽው እኔ እንዳላይብሽ ነው። ያኛው መሸፈን ነው፤ ይኼኛው መደበቅ ነው ልጄ።»

ቀጥለውም የራሳቸውን አጫወቱኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት ለተማሪዎች የደንብ ልብስ ሸሚዝ ለመስፋት ተዋውለው ነበር። ጨርቁ አነሳቸውና ከየጠርዙ ትንሽ ትንሽ ቀነሱ። ድርቡ ሁሉንም ዋጠው፤ ያወቀ አልነበረም። ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት አንዲት እናት ትከሻው የተተረተረ ሸሚዝና አንድ ትንሽ ልጅ ይዘው መጡ። ለስፌቱ ጥራት ወቀሳ አላቀረቡም። እንዲያውም ይቅርታ ጠየቁ፤ «ይኼ ልጅ ረባሽ ነው፣ እየተጓተተ ቀደደው፤ ቀጥቼዋለሁ» አሉ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ልብስ ሰፊው ሸሚዙን ጠገኑ፤ የጥገናውን ዋጋ ተቀበሉ፤ ምንም አልተናገሩም።

«ያ ልጅ አለመቅደዱን ያውቃል» አሉኝ፤ «ማን ያምነዋል?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ገበናን መሸፈን በእኛ ዘንድ ትልቅ ምግባር ነው። ገበና ሸፋኝ ጎረቤት፣ ገበና ሸፋኝ ሚስት ብለን እናመሰግናለን። በእስልምናም የወንድሙን ነውር የሸፈነ ሰው ፈጣሪ የእሱን ነውር ይሸፍንለታል የሚለው ትምህርት የታወቀ ነው። እኔ የተማርኩት የጋዜጠኝነት ሙያ ደግሞ የተሸፈነውን ግለጪ ይላል። በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ምን ይያዝ? ሁሉ ይገለጥ የሚል ሰው የሰውን ቁስል አደባባይ አውጥቶ ዝንብ ያሰፍርበታል። ሁሉ ይሸፈን የሚለው ደግሞ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን የአባቶችን ቃል ይረሳል።

በኦሪት ዘፍጥረት ሁለት መሸፈኛዎች አሉ። የመጀመሪያው የአዳምና የሔዋን የበለስ ቅጠል ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሰፉ የሚለው ግብር መጀመሪያ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ የሰፉትም ለራሳቸው ነበር። ሁለተኛው ሴምና ያፌት ወደ ኋላ እየተራመዱ ዕርቃኑን በተኛው አባታቸው በኖኅ ላይ የጣሉት ልብስ ነው። ሁለቱም መሸፈኛ ነው፤ የተሸፈነለት ሰው ግን ይለያያል። ሴምና ያፌት የሸፈኑት የራሳቸውን ነውር አልነበረም፤ በእነሱ መሸፈን የተጎዳም ሰው የለም።

እንግዲህ መለኪያው ይኸው ይመስለኛል፦ የተሸፈነው ነገር ሲተረተር ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ጎረቤቴ መቸገሩን ለሰው ባልናገር የሚጎዳ የለም። የቆረጥኩትን አሳጥሬ ድርብ ውስጥ ብከተው ግን ጥፋቱ እንደተሸፈነ አይቀርም፤ ወደ ሌላ ሰው ይዛወራል። በዱከም በረንዳ ላይ የዞረው ወደ አንድ ትንሽ ልጅ ነው።

የአንድ ልጅ ሸሚዝ ትንሽ ነገር ነው የሚል ይኖራል። ነገሩ ሲያድግ ምን እንደሚመስል በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ታይቷል። በዋና ከተማዋ በዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች ነበሩ። ከአንድ ቀን በፊት ሕንፃው መሰንጠቁ ታይቶ ነበር። በሥር ያሉት ባንክና ሱቆች ተዘጉ፤ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ወደ ማሽናቸው እንዲመለሱ ተደረገ። ከዚያ ሕንፃ የወጣ ሸሚዝ ቢገለበጥ ጠርዙ አንድም ሳይታይ በድርቡ ውስጥ በሥርዓት ተሸፍኖ ይገኝ ይሆናል። ስንጥቁን ያቃለሉት ሰዎች ያቃለሉት ለራሳቸው ጥቅም ነበር፤ ዕዳውን የከፈሉት ግን ሰፊዎቹ ናቸው።

በእርግጥ መለኪያው ሁሉን ችግር አይፈታም። ለሌላው ስንል የሸፈንነው እየመሰለን ለራሳችን የምንሸፍንበት ጊዜ ብዙ ነው። የቤተሰብ ስም እንዳይጠፋ ተብሎ የታፈነ የስንቱ ልጅ ዕንባ አለ! ስሙ የማን ነው፣ ዕንባው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ቢያንስ ጨርቁን ወጠር አድርጎ አይቶታል።

እኔ ሸሚዜን ፈትቼ በአዲስ ጨርቅ እንደገና ቆረጥኩ፤ አሁን እየለበስኩት ነው። ታሪካቸውን ልጻፈው ወይ ብዬ አዛውንቱን ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና ፈቀዱልኝ፤ ስማቸው እንዳይጠቀስ ግን ለመኑኝ። ስማቸውን ሸፍኛለሁ። ይህ የሴምና የያፌት ልብስ ይሁን የበለስ ቅጠል፣ አንባቢ ይፍረደኝ። ጥፋቱን ግን ልሸፍነው አልቻልኩም፤ ባለቤት አለውና። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ይህን ካነበበ ይወቀው፤ ሸሚዙ የተተረተረው በእሱ ጥፋት አልነበረም።